ገመድ የገባለት ጨዋታ፦ ከቺካጎ የኳስ ሣጥን እስከ መተማ ጆተኒ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡም የቀናት ጉዳይ አልሆነም፤ ወራት ቆጠረ። በቴሌግራም የሰሊጥ ዋጋ የሚጠይቀው ነጋዴ፣ በስልኩ መተግበሪያ ገንዘብ የሚልከው ልጅ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ውጤት ደቂቃ በደቂቃ የሚከታተለው ወጣት ሁሉም እኩል ሆነ። ስልኩ በእጁ አለ፣ መስመሩ ግን የለም።

በቆላው ከተሞች መንገድ ዳር አንድ መጫወቻ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ጆተኒ ነው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ፣ የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ የተሰኩ እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ አንዲት ጠንካራ ኳስ። መብራት ቢጠፋ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጫወቱበታል። ኔትወርክ ቢጠፋ ነገሬ አይለውም። የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ቦታውን ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ይህ ነገር ተራ ይመስላል። ነገር ግን ባለፉት 90 ዓመታት በዓለም ላይ በመጫወቻ ማሽኖች የደረሰውን ለተመለከተ ሰው ከዚህ ጆተኒ ጀርባ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። አንድ ማሽን ከመስመር ጋር ሲገናኝ ጌታው ማን ይሆናል? ቤቱ ውስጥ ያቆመው ሰው ነው ወይስ የመስመሩን ጫፍ የያዘው?

◈ የኳሱ ሣጥን

ታሪኩ የሚጀምረው ከመተማ በጣም ርቆ በአሜሪካዋ ቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ዴቪድ ጎትሊብ የሚባል ነጋዴ "ባፍል ቦል" የተባለ የመጫወቻ ሣጥን ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ፒንቦል የሚባለው የጨዋታ ዓይነት በሰፊው የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው። ሣጥኑ ዘንበል ያለ ነው፤ ከላይ በመስታወት ተሸፍኗል። ተጫዋቹ ሳንቲም ይከታል፣ በስፕሪንግ የሚሠራውን ዘንግ ስቦ ይለቅና ትንሿን ኳስ ወደ ላይ ያስወነጭፋል። ኳሷ ስትመለስ ከተተከሉት ምስማሮች ጋር እየተጋጨች ነጥብ ካላቸው ቀዳዳዎች ወደ አንዱ ትገባለች።

ዘመኑ የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሚሊዮኖች ሥራ ያጡበት ዘመን ነበር። ሰው ለቲያትር የሚከፍለው ዶላር አልነበረውም፤ አንዲት ሳንቲም ግን ከኪሱ አይጠፋም። የአንዱ ሣጥን ዋጋ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከ50,000 በላይ ተሸጠ። ቡና ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሲጋራ መሸጫው ሁሉ አንድ አንድ አስቀመጠ።

የሣጥኑ የገንዘብ አሠራር ቀላል ነበር። ማሽኑን ያመጣው ሰውና ቤቱን የሰጠው ሰው በየጊዜው ሣጥኑን ከፍተው ሳንቲሙን ይቆጥሩና ይካፈላሉ፤ በልማድ እኩል በእኩል ነበር። ነጥቡ የሚታየው እዚያው ሣጥኑ ላይ ነው። የሰፈሩ ጎበዝ ማን እንደሆነ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ሳንቲሙም፣ ነጥቡም፣ ዝናውም ከዚያ ቤት አይወጣም ነበር።

ችግሩ ሌላ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች መቅዘፊያ አልነበራቸውም። ኳሷን ከለቀቁ በኋላ ተጫዋቹ ሣጥኑን ከመነቅነቅ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም፤ የቀረው የዕድል ሥራ ነው። አንዳንዶቹ ማሽኖች ደግሞ ለአሸናፊው ገንዘብ መክፈል ጀመሩ። የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ "ይህ ቁማር ነው፣ የሕፃናትን የምሳ ሳንቲም ይዘርፋል" የሚል አቋም ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 ፒንቦል በኒውዮርክ ከተማ ታገደ። ፖሊስ ማሽኖቹን እየሰበሰበ በመዶሻ ሰባበራቸው፤ ከንቲባው ራሱ መዶሻ ይዞ ፎቶ ተነሣ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ "ሃምፕቲ ደምፕቲ" የተባለው ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መቅዘፊያዎች ይዞ መጣ። ተጫዋቹ በሁለቱ ጎን ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ኳሷን መልሶ መምታት ቻለ። ጨዋታው ከዕድል ወደ ችሎታ ተሻገረ። ሕጉ ግን ይህን ለመቀበል 29 ዓመት ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሐፊ በኒውዮርክ ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ላይ ቆመ። ኳሷ በየትኛው መተላለፊያ እንደምትወርድ አስቀድሞ ተናገረ። ዘንጉን ሳበ፣ ለቀቀ። ኳሷ ባለው መንገድ ወረደች። እገዳው ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር አንድ ነው። የኒውዮርክ ሰዎች 34 ዓመት የተከራከሩት "ውጤቱን የሚወስነው ማን ነው?" በሚል ነው። ተጫዋቹ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ማሽኑ ከሆነ ቁማር ነው።

◈ መስመሩ ሲገባ

ጨዋታን ከመስመር ጋር በማገናኘት ቀድሞ የሄደው ፒንቦል አልነበረም። የቁማር ማሽኑ ቀደመው። እ.ኤ.አ. በ1986 አይጂቲ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት "ሜጋባክስ" የተባለ ሥርዓት ጀመረ። በተለያዩ ከተሞች፣ በተለያዩ የቁማር ቤቶች ያሉ ማሽኖች በስልክ መስመር ከአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር ተገናኙ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሚያስገባው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ተቀንሶ ወደ አንድ የጋራ ድስት ይገባል። ድስቱ እያበጠ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ላስቬጋስ ውስጥ አንድ ተጫዋች ወደ 39.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰው።

አንድ ማሽን ብቻውን ይህን ያህል ገንዘብ ሊከፍል አይችልም። መስመሩ ነው ያስቻለው። የብዙ ሺህ ሰው ትንንሽ ኪሳራ በገመድ ተሰብስቦ የአንድ ሰው ተአምር ሆነ። ተአምሩ በጋዜጣ ይወጣል፤ ኪሳራው ግን የትም አይጻፍም።

ፒንቦል ወደ ኢንተርኔት የገባው በጣም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስተርን የተባለው አምራች "ኢንሳይደር ኮኔክትድ" የተሰኘ አገልግሎት አስተዋወቀ። ተጫዋቹ በስልኩ ያለውን ኪውአር ኮድ ለማሽኑ ያሳያል፤ ማሽኑ ማንነቱን ያውቃል፤ ያስመዘገበው ነጥብ በስሙ ይቀመጣል፤ ሌላ አገር ካለ ተጫዋች ጋር ይወዳደራል። የማሽኑ ባለቤትም ቤቱ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደተጫወቱበት ያያል፤ የማሽኑን ሶፍትዌር በኢንተርኔት ያሳድሳል። ቀደም ብለው ለተሸጡ አንዳንድ ሞዴሎችም ተጨማሪ ዕቃ ተዘጋጅቶ ከመስመር ጋር እንዲገናኙ ተደርጓል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር አልተነካም። ዋይፋዩ ቢጠፋ ኳሷ ትንከባለላለች። መቅዘፊያው ይመታል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ነጥቡ ይቆጠራል። የሚቀረው በሩቅ ያለው መዝገብ ብቻ ነው። ገመዱ ለጨዋታው ጭማሪ እንጂ እስትንፋስ አልሆነም።

በሜጋባክስና በኢንተርኔት በተያያዘው ፒንቦል መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ከመስመር ጋር ተገናኝተዋል። በአንደኛው መስመሩ የቤቱን ገንዘብ ወደ ሩቅ ድስት ይወስዳል፤ ያለ መስመሩ ተስፋ የሚሸጠው ድስት የለም። በሁለተኛው ግን መስመሩ እንግዳ ነው፤ ቢመጣ ደስ ይላል፣ ቢሄድ ቤቱ አይፈርስም።

◈ ከገበጣ እስከ ትኬት

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ታሪኩ መልኩን እንጂ ፍሬ ነገሩን አይለውጥም።

ኢትዮጵያውያን ማሽን ሳይመጣ በፊት ገበጣ ነበራቸው። መሬት ላይ የተቆፈሩ ወይም በእንጨት የተፈለፈሉ ጉድጓዶች፣ ጥቂት ጠጠሮች፣ ሁለት ሰዎች። ከዚያ በከተሞች ከረንቡላ መጣ፣ ፑል መጣ፣ ጆተኒ በየሰፈሩ ገባ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን የደረደሩ ቤቶች ተከፈቱ። የእነዚህ ሁሉ የገንዘብ አሠራር ከቺካጎው ሣጥን ጋር አንድ ነው። ባለቤቱ ጠረጴዛውን ይገዛል፣ ልጆቹ በጨዋታ ይከፍላሉ፣ ብሩ በሰፈሩ ሱቅ ዳቦና ስኳር ይሆናል። በፑል ቤት መወራረድ የለም ማለት አይደለም። አለ። ግን ተወራራጁ የሚበላው የጓደኛውን ብር ነው፤ ጓደኛው ነገ መልሶ ይበላዋል። ገንዘቡ ይዞራል እንጂ ከከተማው አይወጣም።

በሕግ የታወቀው ዕድል ደግሞ ሎተሪ ነበር። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ትኬቱ በአዟሪዎች እጅ እስከ ገጠር ከተማ ተጉዟል። ሎተሪ ከማዕከል የሚመራ ቢሆንም ቀርፋፋ ነበር። አንድ ሰው ትኬት ይገዛል፣ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ዕጣው እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቃል። ይህ ቀርፋፋነት ራሱ ልጓም ነበር። በአንድ ምሽት ደመወዙን በሙሉ በሎተሪ የጨረሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ልጓሙን የፈታው መስመሩ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ፈቃድ እየያዙ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ተስፋፉ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ትኬት የምታትም ትንሽ ማተሚያ። ከውጭ ለሚያይ ሰው እንደ ፑል ቤት ያለ የሰፈር ንግድ ይመስላል። አይደለም። ኦዱን የሚያወጣው ሩቅ ያለ ሥርዓት ነው። ቤቱን የከፈተው ሰው በአብዛኛው ወኪል ነው፤ ድርሻው ኮሚሽን ነው። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ከማን ጋር እንደሚወራረድ አያውቀውም፤ ፊቱንም አያይም።

የዚህን ጨዋታ ሒሳብ በብር ማየት ይጠቅማል። ሁለት እኩል የማሸነፍ ዕድል ያላቸው ቡድኖች አሉ እንበል፤ አቻ ውጤትም የለም። ፍትሐዊው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ግን ለሁለቱም 1.90 ይሰጣል። አንዱ ሰው በአንዱ ቡድን 100 ብር፣ ሌላው በሌላው 100 ብር ያስይዛሉ። ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ብር ይከፍላል። 10 ብር ቀረው። ማን እንዳሸነፈ አያሳስበውም።

ወጣቱ ግን በአንድ ጨዋታ ብቻ ትኬት አይቆርጥም። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረድራል። በ10 ብር፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ በ1.90 ኦድ፣ አሥሩም ቢሳኩ ወደ 6,131 ብር ይደርሰዋል። ዓይን የሚስብ ቁጥር ነው። አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው። ፍትሐዊ ክፍያ ቢሆን ኖሮ 10,240 ብር ይደርሰው ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ጨዋታ ከ100 ብር 5 ብር የነበረው የቤቱ ድርሻ በአሥር ጨዋታ ከ100 ብር ወደ 40 ብር ገደማ ያድጋል። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር ቤቱ ይወፍራል። "በአንድ ጨዋታ ተበላሁ" የሚለው የወጣቱ የዘወትር ቁጭት የሥርዓቱ ስህተት አይደለም፤ ሥርዓቱ የተሠራው እንደዚያ ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በአንድ ወቅት በርካታ ውርርድ ቤቶችን አሽጓል። የወላጆች ሮሮ በዝቶ ነበር። እርምጃው የላጋርዲያን መዶሻ ያስታውሳል። ነገር ግን በ1942ቱ ኒውዮርክና በዛሬው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ያኔ የሚሰበር ሣጥን ነበር። ዛሬ ቤቱ ቢታሸግ ጨዋታው በወጣቱ ኪስ ውስጥ፣ በስልኩ ላይ አለ። መዶሻው የሚያርፍበት ነገር የለውም።

◈ መተማ፦ መስመር የሚያልፍበት አገር

ይህ ሁሉ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምኑ ነው? ብዙ ነው።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሱዳን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከማዶዋ ገላባት አለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁት እዚህ ነው። የአገሪቱን ዕጣ የቀየረው ያ ዜና ከመተማ የወጣው በእግረኛና በፈረሰኛ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ ተጀመረ የሚባለው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ኢንተርኔት ወደ አገሪቱ የገባው በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ነው። ለቆላው ደግሞ ሁሉም ዘግይቶ ደረሰ።

የዚህ አገር ሀብት ሰሊጥ ነው። ጥጡም፣ ማሽላውም፣ ዕጣኑም አለ፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣው ግን ሰሊጥ ነው። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። አገሬው ሳሉግ ይላቸዋል። ወባውንና ካላዛሩን ተጋፍጠው፣ ሜዳ ላይ አድረው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ አጭደው ያገኙትን ብር በኪሳቸው ይዘው ወደ ከተማ የሚገቡት በመስከረምና በጥቅምት፣ ገፋ ሲልም በኅዳር ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ውድድር ደግሞ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ሊጉ ይሟሟቃል። የሳሉጉ ደመወዝና የውርርድ ቤቱ ቀን እንዲህ ይገጣጠማሉ። የዓመት ድካም በአንድ የሳምንት መጨረሻ ትኬት ላይ ሊያልቅ የሚችልበት ጊዜ ይህ ነው። በጆተኒ የተሸነፈ ሳሉግ የአንድ ጨዋታ ዋጋ ይከፍላል። በትኬት የተበላ ሳሉግ ለእናቱ የሚወስደውን በሬ ነው የሚከፍለው። የሚያሳዝነው ብሩ መተማ ውስጥ እንኳ አለመቅረቱ ነው። ጠላ ቤት ቢጠጣው ጠላ ሻጯ ልጇን ታስተምርበታለች። በመስመር የሄደው ብር ግን ከጥቂት ኮሚሽን በቀር ወደ ቆላው አይመለስም።

ታዲያ መስመር ክፉ ነው? እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። መተማ የመስመርን በጎ ፊትም አይታለች።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መሥራችና የመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚው እሌኒ ገብረመድኅን ነበሩ። ሰሊጥ ወደ ግብይቱ ሲገባ መተማም የምርት መረከቢያ መጋዘን ካላቸው ቦታዎች አንዷ ሆነች። አሠራሩ እንዲህ ነው። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ በኤሌክትሮኒክ የሚመዘገብ ደረሰኝ ያገኛል። ሽያጩ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ይካሄድ ነበር፤ ክፍያው በባንክ በማግስቱ ይደርሳል። ዋጋውም በገበያ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገራል።

ከዚያ በፊት የመተማ ገበሬ የዓለምን የሰሊጥ ዋጋ የሚሰማው ሊገዛው ከመጣው ደላላ አፍ ነበር። ገዢው ያውቃል፣ ሻጩ አያውቅም። መስመሩ ሲመጣ ሻጩም ማወቅ ጀመረ። ምርት ገበያው እንከን የለሽ ነበር የሚል የለም፤ በደረጃ አወጣጡም በግዴታ ግብይቱም ላይ ብዙ ቅሬታ ተሰምቷል። ነገር ግን የመስመሩ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ዕውቀት ከሩቅ ወደ ገበሬው መጣ፤ ገንዘብም ከሩቅ ወደ ገበሬው መጣ። በውርርዱ መስመር ይህ ተገለበጠ። ዕውቀቱ፣ ማለትም ኦዱና ሒሳቡ፣ ሩቅ ቀረ፤ ገንዘቡ ከቆላው ወደ ሩቅ ሄደ።

ገመዱ ያው ገመድ ነው። በላዩ የሚያልፈውና የሚያልፍበት አቅጣጫ ነው የሚለያየው።

◈ መስመሩ ሲቆረጥ

ከዚያ 2015 ዓ.ም. መጣ። ሚያዝያ ላይ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ኩመርን የመሰሉ የስደተኛ ጣቢያዎች በምዕራብ ጎንደር ተከፈቱ። ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር ከምትገናኝባቸው የየብስ መስመሮች አንዱ በሱዳን በኩል የሚያልፍ ነው፤ ድንበሩ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለገመድም በር ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ።

መስመር ሲቆረጥ መጥፎውን ለይቶ አይቆርጥም። የውርርዱን ትኬት ሲያቆም የሰሊጡን ዋጋም ያቆማል። የቁማሩን መተግበሪያ ሲዘጋ ሳሉጉ ለቤተሰቡ ብር የሚልክበትንም ይዘጋል። "ቢያንስ ልጆቻችን ከውርርድ አረፉ" የሚል ወላጅ ቢኖር፣ ልጁ ደኅና መድረሱንም በቪዲዮ ማየት ያልቻለው በዚያው ቀን ነው። መዝጋት መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው። መዝጋት ሌላው የላጋርዲያ መዶሻ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ቁማሩንም ገበያውንም አንድ ላይ መስበሩ ነው።

ያ ጊዜ ያሳየው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በቆላው ሕይወት ውስጥ የትኛው ነገር በመስመር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የትኛው በራሱ እግር እንደቆመ በአንድ ቀን ተለየ። ሚዛኑ ይመዝናል፤ ዋጋው ግን አይታወቅም። ብሩ ባንክ አለ፤ ስልኩ ላይ ግን አይንቀሳቀስም። ጆተኒው ይጫወታሉበታል፤ ትኬቱ ግን አይቆረጥም።

◈ ሦስት ጥያቄዎች

ማሽን ሁሉ ከመስመር ጋር እየተገናኘ ነው። ሎተሪው እንኳ ወደ ስልክ ገብቷል፤ አድማስ የተባለው ዲጂታል ሎተሪ በአጭር መልእክት ይቆረጣል። ነገ የእህል ሚዛኑም፣ የነዳጅ መቅጃውም፣ ምናልባት ጆተኒውም ተራው ይደርሰዋል። ይህን ማስቆም አይቻልም፤ ማስቆሙም አያስፈልግም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ የከተማው አስተዳደር፣ ወላጁም ሊጠይቋቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ግን ከዚህ ታሪክ ይወጣሉ።

አንደኛ፦ መስመሩ ቢጠፋ ዕቃው ይሠራል? የኢንተርኔት ፒንቦል ሠሪዎች ይህን አስበውበታል፤ ኳሷ ያለ ዋይፋይ ትንከባለላለች። የሰሊጥ ግብይትና የገንዘብ ዝውውርን የሚያህል ነገር ላይ ከመጫወቻ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ ያሳፍራል። መስመር ሲጠፋ የሚሠራ የወረቀት መንገድ፣ በአጭር ኮድ የሚሠራ መንገድ፣ በአካል የሚሠራ መንገድ አብሮ መዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛ፦ ብሩ ወዴት ይሄዳል? ፈቃዱ የሚሰጠው ከማዕከል ነው፤ የተበላው ልጅ ያለው ግን መተማ ነው። ከቆላው ከተሞች የሚሰበሰበው የውርርድ ገንዘብ መጠን ለሕዝብ ይታወቅ፤ ከግብሩም ድርሻ ለዚያው ከተማ ወጣቶች ሜዳና ቤተ መጻሕፍት ይመለስ። የቺካጎው ባለ ሣጥን እንኳ ከቤቱ ባለቤት ጋር እኩል ይካፈል ነበር።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡን የሚያውቀው ማን ነው? ሰሌዳ ላይ የሰሊጥ ዋጋ ከተጻፈ ውርርድ ቤት ግድግዳ ላይም "በአሥር ጨዋታ ትኬት ከ100 ብር ይህን ያህሉ የቤቱ ነው" ተብሎ በትልቁ በአማርኛ ይጻፍ። ሳሉጉ ልጅ አይደለም። እስከ ዛሬ ሒሳቡን የነገረው ስለሌለ ነው። ሲነገረው ራሱ ይወስናል።

ኒውዮርክ ጨዋታውን ከቁማር ለመለየት 34 ዓመት ፈጀባት። መተማ ያን ያህል ጊዜ የላትም። ሰሊጡ በየዓመቱ ይታጨዳል፣ ሳሉጉ በየዓመቱ ይወርዳል፣ ሊጉም በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይጀምራል።

እስከዚያው ጆተኒው መንገድ ዳር ቆሟል። የተሸነፈው ይከፍላል። ማን እንዳሸነፈውም ያውቃል፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ እየሳቀበት ነው።